ሃይብሪድ መኪና አቁሞ ሀገር ቤት መሄድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ታክሲ ስንሠራ የኖርን ኢትዮጵያውያን ከሃይብሪድ መኪና፣ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም ከሚሠራው፣ ጋር የቆየ ትውውቅ አለን። ነድተነዋል፣ አስጠግነነዋል፣ ቡና ላይ ተከራክረንበታል። አቁመነው ወደ ሀገር ቤት ስንሄድ ግን እንደ ድሮው የቤንዚን መኪና ጥለነው እንሄዳለን። እኔም ለገና ብዬ ሄጄ፣ «ፋሲካን ሳትውል የት ልትሄድ!» ተብዬ አራት ወር ቆይቼ ስመለስ የ2010 (እ.ኤ.አ.) ቶዮታ ፕሪየሴ ድንጋይ ሆኖ ጠበቀኝ። ቁልፉን ብጫን ዝም፤ የኋላውን በር ብነካካ ዝም። በስልክ ያማከርሁት መካኒክ መኪናውን ሳያይ «ትልቁ ባትሪ ሞቷል» ብሎ የሺህ ዶላሮች ዋጋ ቆረጠልኝ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ የሚነገረኝን ሁሉ ሳላጣራ አልቀበልም።

«መኪናው ከቆመ ትልቁ ባትሪ ይሞታል»

አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚወርደው ትንሹ ነው። ሃይብሪድ ሁለት ባትሪ አለው። ከ2004 እስከ 2015 በወጡት ፕሪየሶች ትልቁ ባትሪ 168 የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ሴሎች ተደርድረው 201.6 ቮልት የሚሰጡበት ነው። መኪናው ሲጠፋ ይህ ባትሪ ከሌላው የመኪናው ክፍል ይለያያል፤ ማንም ከእርሱ አይቀዳም። ሌት ተቀን የሚቀዳው ከትንሹ፣ ከባለ 12 ቮልቱ ነው፦ ሰዓቱ፣ የስርቆት ማንቂያው፣ «ባለቤቱ መጣ አልመጣ» እያለ ቁልፍዎን የሚያዳምጠው መቀበያ ሁሉ የእርሱ ጥገኞች ናቸው። ኮምፒውተሮቹን የሚቀሰቅሰውም፣ ትልቁን ባትሪ መልሶ የሚያገናኘውም እርሱ ነው። ስለዚህ ትንሹ ከወረደ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም አይጠቅምም፤ ጎተራው ሞልቶ ቁልፉ ጠፋ እንደማለት ነው።

የእኔም ችግር ይኸው ነበር። ከመኪናው ቁልፍ ሆድ ውስጥ የተደበቀችውን የብረት ቁልፍ ስቤ የሾፌሩን በር ከፈትሁ። ትንሹ ባትሪ ያለው ከኋላ በስተቀኝ ነው፤ የኋላው በር ደግሞ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከዚያው በር ጀርባ ከተቆለፈበት ባትሪ ነው። ይህን ያሰበ መሐንዲስ ሲያልፍ ባገኘው አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ደግነቱ የፊቱ ኮፈን በእጅ ይከፈታል፤ ፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ቀይ ክዳን የደፋች ፖዘቲቭ ጫፍ አለች። የጎረቤቴን መኪና አስጠግተን ቀዩን ገመድ እርሷ ላይ፣ ጥቁሩን ቀለም ያልነካው ብረት ላይ አሰርን። መኪናው ለመነዳት ዝግጁ መሆኑን የምትነግረው፣ «ሬዲ» የምትለው አረንጓዴ መብራት በራች። ሞቷል የተባለው ትልቁ ባትሪ ከነኃይሉ ነበር፤ ያወጣሁት የአንድ ትንሽ ባትሪ ዋጋ ብቻ ሆነ።

እንዲህ ስል ትልቁ ምንም አይሆንም ማለቴ አይደለም። የኒኬል ባትሪ ማንም ሳይነካው ቀስ በቀስ ራሱን ያጎድላል፤ በሙቀት ደግሞ ይፈጥናል። ቶዮታ በመመሪያ መጽሐፉ በሁለት ወይም በሦስት ወር አንድ ጊዜ ቢያንስ 30 ደቂቃ ወይም 16 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲነዳ የሚመክረው ለዚህ ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው የትልቁ ባትሪ ኃይል ስለሆነ፣ እርሱ ባዶ ከሆነ የጎረቤት ገመድ አያድንም።

«የአክስቴ ልጅ በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ ያስነሳልኛል»

ይህ ምክር ለአሮጌ ኮሮላ የተሰጠ ነው። እንዲህ ባለው ሃይብሪድ ላይ የለመድነው ዲናሞ የለም። ትንሹ ባትሪ የሚሞላው «ሬዲ» ሲበራ ከትልቁ በሚወርድለት ኃይል ነው። የአክስትዎ ልጅ ፍሬኑን ሳይረግጥ የማስነሻ ቁልፉን ከተጫነ ዳሽቦርዱ ይበራል፣ ሬዲዮው ይዘፍናል፣ «ሬዲ» ግን የለችም። ልጁ ባትሪ የሞላ ይመስለዋል፤ የሚያደርገው ግን ያንኑ ማፍሰስ ነው። በትክክል ቢያስነሳውም አምስት ደቂቃ ከንቱ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ነድቶ ቢመልሰው ይሻላል። ቆሞ የሚያሠራው ከሆነ ማርሹን ፒ ላይ ያድርግ፤ ኤን ላይ ትልቁ ባትሪ አይሞላም።

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ የምናገረው አለ። «ሬዲ» ላይ ያለ መኪና ጸጥ ስለሚል የጠፋ ይመስላል፤ ባትሪው ዝቅ ሲል ግን ሞተሩ ማንንም ሳያስፈቅድ ይነሳል። በቤት ጋራዥ ውስጥ ይህ ገዳይ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በሩን ከፍቻለሁ ማለት አይበቃም፤ መኪናው ወደ ውጭ ይውጣ።

«ባትሪውን መንቀል ኮምፒውተሩን ያበላሻል»

አያበላሽም፤ ሰዓቱና የሬዲዮ ጣቢያዎቹ ቢጠፉ ነው። የሚነዳልዎ ሰው ከሌለ የትንሹን ባትሪ ኔጌቲቭ ገመድ በ10 ቁጥር ቁልፍ መፍታት ጥሩ መላ ነው። መኪናውን አጥፍተው፣ መብራቶቹ ሁሉ እስኪጠፉ ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ። የኋላውን በር ከዘጉት በኋላ በኤሌክትሪክ እንደማይከፈት አይርሱ፤ የብረት ቁልፏን ማውጣት ከመሄድዎ በፊት ይለማመዱ። የግድግዳ መሰኪያ በአቅራቢያ ካለ ደግሞ ባትሪውን በዝቅተኛ አምፔር ሞልቶ የሚጠብቅ ቻርጀር ማሰር ከሁሉ ይበልጣል፤ ለባትሪዎ ዓይነት የተሠራ መሆኑን ግን ያረጋግጡ።

ከዚህ ጋር የሚነገር ሌላ ምክር አለ፦ «ብርቱካናማውን መሰኪያም ንቀለው»። አይንኩት። እርሱ የከፍተኛ ቮልቴጅ መቁረጫ ነው፤ ባለሙያ እንኳ ልዩ ጓንት አጥልቆ ነው የሚነካው። መኪናው ሲጠፋ ትልቁ ባትሪ ራሱ ስለሚለያይ ትርፍ የለውም።

«ሶኬት ላይ የሚሰካ ከሆነ መቶ በመቶ ሞልተህ ሂድ»

እንዲህ ባሉት መኪኖች ውስጥ ያለውን የሊቲየም ባትሪ ረጅም ጊዜ ሙሉ ሆኖ መቆም ያስረጀዋል፤ ባዶ ሆኖ መቆምም ይጎዳዋል። ግማሽ አካባቢ አድርገው ይተዉት።

የቤንዚኑ ታንክ ተቃራኒ ነው። «ይበላሻል፣ ባዶ ይሁን» የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ባዶ ታንክ ውስጥ አየር ይገባል፣ ከአየሩ እርጥበት። ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ይሙሉት፤ ቤንዚን እንዳይበላሽ የሚያደርገውን ፈሳሽ ጨምረው፣ ሞተሩ በደንብ እንዲሠራ ጥቂት ይንዱ። የጎማውን ንፋስ በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ በተጻፈው ልክ ያድርጉ።

«ሸራ አልብሼዋለሁ፣ ጨርሻለሁ»

ሸራው አይጥ አይከለክልም። ከኋላ ወንበር አጠገብ ያለችው ትንሽ ወንፊት ትልቁን ባትሪ የምታቀዘቅዘው አየር መግቢያ ናት፤ አቧራዋን ጠርገው ይሂዱ፤ መኪናው ውስጥ የቆሎ ፍርፋሪ እንኳ አይተዉ። ከ2004 እስከ 2009 የወጣ ፕሪየስ ካለዎት ደግሞ ሥጋትዎ ከሥሩ ነው፦ የሞተሩን ጭስ የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ውስጥ ያሉትን ውድ ብረቶች፣ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየምን፣ ሌቦች በደንብ ያውቋቸዋል። መንገድ ዳር ከማቆም የዘመድ ግቢ ይለምኑ።

«ለማይነዳ መኪና ኢንሹራንስ ምን ያደርጋል» ብሎ ማቋረጥም አለ። ሜሪላንድ ላይ ታርጋ ሳይመልሱ ኢንሹራንስ ማቋረጥ ቅጣት ያስከትላል። ኢንሹራንስ ሰጪዎን መኪናው እንደሚቆም ነግረው ሽፋኑን ማሳነስ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ።

«የእጅ ፍሬኑን አጥብቀህ ያዝ»

ለወራት ሲሆን ፍሬኑ በዝገት ሊጣበቅ ይችላል። ሜዳ ላይ ያቁሙት፣ ፒ ላይ ያድርጉትና ጎማው ሥር ታኮ ያስገቡ። ሃይብሪድ ፍጥነቱን የሚቀንሰው በአብዛኛው በኤሌክትሪክ ሞተሩ ስለሆነ የፍሬን ዲስኮቹ ከሌላ መኪና ይልቅ ለዝገት የተጋለጡ ናቸው። ካሳጠቡት በኋላ ዲስኮቹ እስኪደርቁ ትንሽ ይንዱት እንጂ እንደረጠበ አያቁሙት። ሲመለሱ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፍሬኖች ላይ ወፍጮ ቤት የሚመስል ድምፅ ቢሰሙ አይደንግጡ፤ ብዙውን ጊዜ የላዩ ዝገት እየተፋቀ ነው። ሰፈሩን ዞረው ሲመለሱም ካልጠፋ ግን ለመካኒክ ያሳዩት።