የአዲስ አበባን ዙሪያ በትንሽ ገንዘብ ስለመጎብኘት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ የጅማና የቡታጅራ መንገዶች በሚለያዩበት በዓለም ገና አካባቢ ነው። ለሠርግ፣ ለሕክምና ወይም ለጉዳይ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ዘመዶቼ ቤቴ ያርፋሉ፤ ጉዳያቸው አልቆ ሁለት ሦስት ቀን ሲተርፋቸው ደግሞ «እስቲ የሚታይ ነገር ካለ ውሰደን» ይሉኛል። ኪሳቸው ብዙ ገንዘብ የለውም፤ የእኔም እንደዚያው ነው። ባለፉት ዓመታት ከእነርሱ ጋር እየዞርኩ ደጋግሜ የሰማኋቸውንና አንዳንዶቹንም እኔው ራሴ አምኜባቸው የነበሩትን የተሳሳቱ አመለካከቶች ከዚህ በታች አንድ በአንድ አነሣለሁ።

«አዲስ አበባ የትናንት ከተማ ናት፤ ታሪክ ለማየት ሩቅ አገር መሄድ ያስፈልጋል»

አክስቴ ከደብረ ታቦር የመጡ ዕለት «ልጄ፣ ጎንደርን ያየ ሰው እዚህ ምን ያያል?» ብለውኝ ነበር። ንግግራቸው ግማሽ እውነት አለው፤ ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. በመሆኑ መሐሏ ላይ የሚታየው ቅርስ ባመዛኙ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ያለ ነው። ስሕተቱ የከተማዋን ዕድሜ የአካባቢው ዕድሜ አድርጎ መቁጠሩ ላይ ነው። ከየካ ተራራ ላይ ያለው ዋሻ ሚካኤል ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈለ፣ ጣሪያው የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ የአካባቢው ትውፊት ለአብርሃና አጽብሐ ዘመን ይሰጠዋል፤ ተመራማሪዎች ግን ወደ መካከለኛው ዘመን፣ ለላሊበላ ዘመን ወደሚቀርበው ጊዜ ያመጡታል። የትኛውም ቢሆን ከአዲስ አበባ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ከሰበታ ወዲያ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ደግሞ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገርለታል።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን ከከተማዋ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳር የሚገኘው መልካ ቁንጡሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ ካገኘው ወዲህ በተደረገው ቁፋሮ፣ የቀድሞ ሰው ከሁለት ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ጀምሮ በዚህ ስፍራ ድንጋይ እየጠረበ መሣሪያ ይሠራ እንደነበር ታውቋል። በአቅራቢያው ያለው ባልጪት፣ በአማርኛችን ባልጩት የምንለው እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨው ጥቁር ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ ነው። ሁለቱ ስፍራዎች በአንድነት እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። አክስቴ ከዚያ ሲመለሱ ስለ ጎንደር አላነሡም፤ ያነሡት ስለ ጉልበታቸው ነበር።

«መኪና ካልተከራዩ አይደረስም፤ የመግቢያ ዋጋውም አይቀመስም»

እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ይሻላል፤ ምክንያቱም ሰው ገንዘቡ የሚያልቅበትን ቦታ የሚስተው በዚሁ ነው። በአብዛኞቹ ስፍራዎች ለኢትዮጵያዊ የሚቆረጠው ቲኬት ለውጭ አገር ጎብኚ ከሚቆረጠው በእጅጉ ያነሰ ነው፤ መታወቂያ ይዞ መሄድ ብቻ ይበቃል። ገንዘብ የሚበላው መጓጓዣው ነው፤ ከመጓጓዣውም ቢሆን የመሄጃው ሳይሆን የመመለሻው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ መንገድ ለሚሄድ ሰው መልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ ማርያም እና የጢያ ትክል ድንጋዮች በአንድ አቅጣጫ ይገኛሉ፤ በመንገዱም ላይ ሚኒባስ በየጊዜው ያልፋል። መሄድ አይከብድም፤ መንገድ ላይ መውረድም አይከብድም። የሚከብደው ከመንገድ ላይ እንደገና መሳፈር ነው፤ ሚኒባሶቹ ከመነሻቸው ሞልተው ስለሚወጡ፣ በመካከል ቆሞ እጁን የሚዘረጋ ሰው የሌላ ተሳፋሪን መውረድ መጠበቅ ይኖርበታል። በዚያም ላይ ግማሽ መንገድ ላይ የሚወርድ መንገደኛ እስከ መጨረሻው መድረሻ ያለውን ሂሳብ እንዲከፍል መጠየቁ የተለመደ በመሆኑ፣ ዋጋውን ሳይሳፈሩ ከረዳቱ ጋር መነጋገር ይገባል። አንድ ጊዜ ይህን ሳላስብ ከሁለት ዘመዶቼ ጋር ከጢያ ለመመለስ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ መንገድ ዳር ቆሜ፣ ጨለማ ሲወርድ በኮንትራት ተሳፍረን የከፈልነው ገንዘብ የዕለቱን ወጪ ሁሉ አጠፈው። ስሕተቱ የሾፌሩ ሳይሆን የእኔ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ሥርዓት በተቃራኒው ነው። ጎሕ ሲቀድ ወጥቼ መጀመሪያ ሩቁን እይዛለሁ፤ ጢያን በማለዳ ጎብኝቼ በረፋዱ ወደ ኋላ እመለስና መልካ ቁንጡሬ ላይ እወርዳለሁ፤ ከዚያ ዓለም ገና ቅርብ ስለሆነ ቢመሽም ጭንቀት የለም። አዳዲ ማርያም ግን በዚህ ዕቅድ ውስጥ አይገባም፤ ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ተገንጥሎ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚያስገባ ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋል። አራት ወይም አምስት ሰው ከሆናችሁ፣ ለአዳዲ መኪና በኮንትራት መያዝ በነፍስ ወከፍ ሲካፈል ከሚታሰበው በታች ይሆናል። ይህ ዐለት ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን ከመሬት በታች ወርዶ የተሠራ ሲሆን፣ ላሊበላን ለማየት አቅሙ ላልፈቀደለት ሰው የዚያን አሠራር በጥቂቱም ቢሆን ያሳየዋል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ከአዲስ አበባ ጋር ተያይዘው ቢታዩም በኦሮሚያ ክልል በሸገር ከተማ ሥር ያሉ ናቸውና፣ የአዲስ አበባን የታክሲ ታሪፍ ይዞ ከረዳት ጋር መከራከር ጊዜ ማጥፋት ነው።

«እንጦጦ ማለት ፓርኩ ነው»

ወጣቶቹ ዘመዶቼ እንጦጦን የሚያውቁት በስልክ ላይ ባዩት ፎቶግራፍ ነው፤ ስለዚህ በፓርኩ ውስጥ ገንዘብ የሚከፈልባቸውን መዝናኛዎች አስልተው «ለእኛ አይሆንም» ይላሉ። የታሪኩ እንጦጦ ግን እንጦጦ ማርያም ነው። ከሽሮ ሜዳ በሚኒባስ ታክሲ ወጥቶ መድረስ ይቻላል፤ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ሙዚየሙም፣ የምኒልክ ቤተ መንግሥትም አንድ ቦታ ላይ ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተ መንግሥት ሲባል የፋሲልን ግንብ የሚጠብቅ ሰው ያዝን ይሆናል፤ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ፣ በኖራ የነጣ ቤት ነውና። እኔ ግን ይህን ቤት ከብዙ ግንብ አስበልጬ እወደዋለሁ፤ የአድዋን ጦር ያዘመቱት ንጉሥና እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውሃ ከመውረዳቸው በፊት እንዴት ባለ ጣሪያ ሥር እንደኖሩ በዓይን ያሳያልና።

በዚሁ ላይ አንድ ተጨማሪ ስሕተት ይታረም፤ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ «ጥንታዊ ደን» የሚሉ ብዙ ናቸው። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ፣ በምኒልክ ዘመን የተተከለ ዛፍ ነው፤ የመጣውም የአገሩ ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቆርጦ ስላለቀ ነው። የማገዶው እጥረት እጅግ ከመክፋቱ የተነሣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከመለቀቅ አዳናት፤ የአዲስ ዓለሙ ሥራም ወደ ቤተ ክርስቲያንነት ተለውጦ ደብረ ጽዮን ማርያም ሆነ። በአንድ ቀን እንጦጦን፣ በሌላው ቀን በሆለታ በኩል አልፎ አዲስ ዓለምን የሚያይ ሰው፣ አንድን ታሪክ ከሁለቱም ጫፉ ይዞ ያየዋል። አዲስ ዓለም በአምቦ መንገድ ላይ ያለ ከተማ ስለሆነ መመለሻ እንደ ጢያ አያስጨንቅም።

«የጢያ ድንጋዮች የግራኝ ናቸው፤ ለአስጎብኚ መክፈልም ብክነት ነው»

በአካባቢው ትውፊት እነዚህ ትክል ድንጋዮች «የግራኝ ድንጋይ» ይባላሉ። ኢማም አሕመድ የዘመቱት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ቁፋሮው እንደሚያሳየው ድንጋዮቹ የቆሙት ከእርሳቸው ዘመን አስቀድሞ ነው፤ የቆሙትም ለመቃብር ምልክትነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ስፍራ 36 ሐውልቶች ያሉት ሲሆን፣ ከእነርሱ 32ቱ ሰይፍንና ሌሎች ምልክቶችን የያዙ ናቸው፤ የብዙዎቹ ምልክቶች ትርጉም እስከ ዛሬ አልተፈታም። አስጎብኚ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ያለ እርሱ የሚሄድ ሰው በአሥር ደቂቃ ውስጥ «ድንጋይ ነው» ብሎ ይመለሳል፤ ከእርሱ ጋር የሚሄድ ግን ሰይፎቹን አንድ ሁለት እያለ ይቆጥራል። በገንዘብ ቆጣቢ ጉዞ ውስጥ እኔ የማልቆርጠው ወጪ ይህ አንዱ ነው፤ ምሳውን ከቤት ቋጥሮ መሄድ ይቻላል።

«አብያተ ክርስቲያናትን ለማየት የበዓል ቀን ይመረጣል»

ለመሳለም ከሆነ አዎን፤ ለመጎብኘት ግን አይደለም። ወር በገባ በ12 በሚካኤል፣ በ21 በማርያም ሕዝቡ ስለሚበዛ ታክሲው ይጨናነቃል፤ ካህናቱም በአገልግሎት ላይ ስለሚሆኑ ቆሞ የሚያስረዳ ሰው አይገኝም። የሥራ ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ ያለው ሰዓት ይሻላል። ነጠላ ይዞ መሄድና ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ማስፈቀድ አይረሳ።

«ከተማው ጫፍ ላይ ማደር ይረክሳል»

የአልጋው ዋጋ ሊረክስ ይችላል፤ ነገር ግን ጉብኝቱ እንጦጦና የካ ከሆነ፣ ከጀሞ ወይም ከዓለም ገና በየቀኑ ሦስት ታክሲ እየቀያየሩ መሐል ከተማውን ማቋረጥ የተረፈውን ገንዘብና ግማሽ ቀን ይወስዳል። ማደሪያ የሚመረጠው በዋጋው ብቻ ሳይሆን በማግሥቱ በሚኬድበት በር ነው፤ ለጢያና ለመልካ ቁንጡሬ ዓለም ገና፣ ለአዲስ ዓለም ቡራዩ ወይም አስኮ፣ ለእንጦጦ ስድስት ኪሎና ሽሮ ሜዳ፣ ለዋሻ ሚካኤል የካና ኮተቤ ይቀርባሉ።

«በክረምት የትም አይኬድም»

ጢያና አዲስ ዓለም በአስፋልት መንገድ ላይ ስለሆኑ ዝናብ አያግዳቸውም፤ ከሰዓት በኋላ የሚወርደውን ለማምለጥ በጠዋት መውጣት ይበቃል። ለየካ ዳገትና ለአዳዲ መገንጠያ ግን ነሐሴ ላይ ጭቃው የዋዛ ስላልሆነ፣ አክስቴን የምወስዳቸው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው።