ኮምፒውተሩ ጋለ? ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሚወሩ ስህተቶች እና እውነታው

«ደሴ ብርድ ነው፣ ኮምፒውተር የት ይግላል!»

ይግላል እንጂ። ደሴ ያለችው ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ዳርቻ ከተሞች በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ የቱንም ያህል ቢዞር የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። ቤቱ ቀዝቃዛ መሆኑ ያካክሰዋል፣ እውነት ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አየሩ ትንሽ ወፈር ይላል፣ ግን ክፍሉ ይሞቃል። ለማንኛውም ከከተማው ይልቅ ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) የት ተቀምጧል የሚለው ይበልጣል። ቡፌ ውስጥ ተወሽቆ፣ ጀርባው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ከላይ ዳንቴል ለብሶ ከሆነ ጦሳ ጫፍ ላይ ብታወጡትም ይግላል።

«80 ዲግሪ ገባ፣ አለቀለት!»

አላለቀለትም። የብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች (ስሌቱን የሚሰራው ዋናው ቺፕ) የሙቀት ገደብ 100 ዲግሪ አካባቢ ነው። የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ዎቹማ ከባድ ስራ ላይ እስከ 95 እንዲደርሱ ታስበው ነው የተሰሩት። ገደቡ ላይ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ እሱም ካልበቃ ማሽኑን ያጠፋዋል።

ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አትዩ፤ መቼ እና እንዴት እንደወጣ እዩ። ሙቀቱን የሚያሳዩትን ኮር ቴምፕ ወይም ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባሉ ፕሮግራሞች ጫኑ፣ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ቪዲዮ ኤክስፖርት እያደረጋችሁ 80 ቢል ተራ ነገር ነው። ምንም ሳትከፍቱ 80 ካለ ግን የሆነ ነገር አለ። ስራ እንደሰጣችሁት በሰከንዶች ውስጥ ከ40 ወደ 95 ዘሎ ከወጣ ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ ወደ ሂትሲንኩ (ላዩ ላይ ወደተቀመጠው ባለ ክንፍ ብረት) እየተሻገረ አይደለም ማለት ነው፣ ያ ደግሞ ወይ የሂትሲንኩ አቀማመጥ ችግር ነው ወይ የፔስቱ (በሁለቱ መሀል የሚቀባው ቅባት)። ቀስ እያለ በሩብ ሰዓት፣ በ20 ደቂቃ ከወጣ አቧራ ወይም የአየር መውጫ ችግር ጠርጥሩ። (ዝርዝሩ ውስጥ 127 ላይ ተገትሮ ንቅንቅ የማይል መስመር ካያችሁ አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ ምንም ያልተገናኘበት ሴንሰር ነው።)

«ጎኑን ክፈተው፣ ይተንፍስ»

ለምርመራ አሪፍ ነው፣ ለኑሮ አይሆንም። ያንኑ ስራ አንዴ ተዘግቶ፣ አንዴ ተከፍቶ አሰሩት። ሲከፈት በደንብ ከወረደ ችግሩ የኬዙ አየር ነው። ንቅንቅ ካላለ ሂትሲንኩ ጋ ሂዱ። ከዛ ዝጉት፤ ክፍት ኬዝ የአቧራ ማደሪያ ነው፣ ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ ጣት ይገባበታል።

«ፋኑ እየዞረ ነው፣ ችግሩ እሱ ጋ አይደለም»

በጣም የሚያሸውደው ይሄ ነው። ፋኑ ይዞራል፣ ድምፁ ይሰማል፣ አየሩ ግን አያልፍም። ፋኑን ፈታችሁ አንሱትና ከስሩ ያሉትን የሂትሲንክ ክንፎች እዩ። ወሎ ቤት ቡና በየቀኑ ይፈላል፣ ከሰሉም አለ፣ ዕጣኑም አለ። አቧራው ከጭሱ ጋር ስለሚጣበቅ ደርቆ አይረግፍም፤ ከፋኑና ከክንፎቹ መሀል ባና የመሰለ ወፍራም ነገር ሆኖ ይነጠፋል። ከውጪ አይታይም። ለዚህ ነው በፋኑ ቀዳዳ በኩል ብሎወር ነፍተን «አጸዳነው» ያልነው ማሽን ማግስቱን የሚግለው። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ያንን ንጣፍ በእጅ ወይም በደረቅ ብሩሽ አንሱ፣ ከዛ ንፉ። ስትነፉ ፋኑን በጣት ያዙት፤ በብሎወር ኃይል ከልክ በላይ ከተሽከረከረ ሊበላሽ ይችላል።

«ፔስቱን በደንብ ለቅልቀው»

የፔስት ስራ በሁለቱ ብረቶች መሀል ያለችውን ጥቃቅን ክፍተት መሙላት ብቻ ነው። ሲበዛ እንቅፋት ይሆናል። ለተራ ፕሮሰሰር አተር የምታክል ጠብታ መሀል ላይ ትበቃለች። የጥርስ ሳሙናም ይሰራል የሚሉ አሉ፤ ለጥቂት ጊዜ ይሰራና ይደርቃል፣ ከዛ ከበፊቱ ይብሳል።

ፔስት ከመግዛታችሁ በፊት ግን፣ የኢንቴሉ ኦሪጅናል ፋን ከሆነ፣ አራቱን የፕላስቲክ እግሮች ነቅነቅ አድርጉ። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ተንገጫግጮ የመጣ ኮምፒውተር አንዷ እግር ብትለቅ አይገርምም። አንድ እግር ከለቀቀ ሂትሲንኩ ይዘምማል፣ ፔስት ብትቀያይሩም አይጠቅምም። በሰያፍ ትይዩ ያሉትን ሁለት ሁለቱን፣ ቀጭ እስኪሉ ተጫኗቸው። አዲስ ሂትሲንክ ከሆነ ደግሞ ከስሩ ያለው ስስ ላስቲክ መነሳቱን እዩ፤ ሳይልጡት የሚገጥሙ አሉ።

«ፎርማት ይደረግ»

አቧራ በፎርማት አይነሳም። መጀመሪያ ታስክ ማናጀር ክፈቱ። ምንም ሳትሰሩ ሲፒዩው (ፕሮሰሰሩ) 90 ፐርሰንት ላይ ከሆነ ማን እየበላው እንደሆነ እዚያው ይታያል። ክራክ ከተደረገ ጌም ጋር ተደብቆ የገባ ክሪፕቶ ማይነር (በናንተ ማሽን ለሌላ ሰው ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርት ፕሮግራም) ከሆነ ፎርማቱ ሊያዋጣ ይችላል። ታስክ ማናጀር ስትከፍቱ ዝም የሚል ማይነርም ስላለ ሙቀቱን በኮር ቴምፕ ወይም በኤችደብሊው ኢንፎ ጎን ለጎን ተከታተሉ።

«ድንገት ድርግም አለ፣ ግሎ ነው»

የጋለ ፕሮሰሰር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ይንቀራፈፋል፣ መጥፋቱ በኋላ ነው የሚመጣው። ከመጥፋቱ በፊት የነበረው ሙቀት 60 ከሆነ ፕሮሰሰሩን ተዉት፣ መብራቱን ጠርጥሩ። ከዲቫይደሩ ነቅላችሁ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት። አሁንም ከጠፋ ከጓደኛ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ መብራት የሚያከፋፍለው ሳጥን) ተውሳችሁ ሞክሩ።