ማያልጂያ ምንድን ነው?

የሕክምና ወረቀትዎ ላይ «ማያልጂያ» የሚል ቃል አይተው ደንግጠው ይሆናል። አይደንግጡ። ከግሪክኛ የመጣ ቃል ነው፤ የጡንቻ ሕመም ማለት ነው። እኛ «ቆረጣጠመኝ» ወይም «ሰውነቴን ድቅቅ አደረገኝ» የምንለውን ሐኪሙ በአንድ ቃል ጻፈው። ምልክቱን እንጂ በሽታውን አይነግርም። ዋናው ጥያቄ «ከምን መጣ?» ነው።

ብዙዎቻችን የምናውቀው ከስፖርት በኋላ የሚመጣውን ነው። ከእንጦጦ ቁልቁለቱን ሮጦ የወረደ ሰው የዚያን ቀን ምንም አይለውም። በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብስበታል፤ በሳምንት ውስጥ ይለቀዋል። «ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞ ነው» ሲባል እንሰማለን። ልክ አይደለም። ጡንቻ ሲሠራ የሚያመነጨው ይህ አሲድማ ሩጫው ካለቀ አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይወገዳል። ቁልቁለት ላይ የጭን ጡንቻ እንደ ፍሬን ነው የሚሠራው፤ ክብደታችንን እየያዘ ይለጠጣል። ያን ጊዜ ጥቃቅን ክሮቹ ይጎዳሉ፣ ቀስ ብለውም ይቆጣሉ። ቁልቁለት ከዳገት ይልቅ የሚያሳምመው ለዚህ ነው።

መላ ሰውነት ከትኩሳት ጋር ሲቆረጣጥም ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኢንፍሉዌንዛ፣ ወባ ወይም ግርሻ ሊሆን ይችላል። ሰውነት በሽታውን ሲዋጋ የሚያመነጫቸው ኬሚካሎች የሕመም ነርቮችን ይቀሰቅሳሉ። እንደ ፈረንጆቹ በ2013 ድሬዳዋ ላይ የተከሰተው፣ በትንኝ ንክሻ የሚተላለፈው የደንጊ ትኩሳትም አንዱ ምልክቱ ከባድ ቁርጥማት ነው። እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ። ደንጊ ባለበት አካባቢ ትኩሳት ከያዘዎት አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ ከፋርማሲ ገዝተው አይዋጡ። ደም የመፍሰስ አደጋውን ይጨምራሉ። እስኪመረመሩ ድረስ ፓራሲታሞል ይሻላል።

«ቁርጥማት» የሚለው ቃላችን ሰፊ ነው፤ ሥጋንም መገጣጠሚያንም ያጠቃልላል። ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ የሚያምዎትን ቦታ በእጅዎ ያሳዩ። የሚወስዱትን መድኃኒትም ይንገሩ፤ ስታቲን የሚባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ጡንቻ ሊያሳምሙ ይችላሉ።

ከባድ የጡንቻ ሕመም ኖሮ ሽንትዎ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ግን አንድ ቀን እንኳ አይጠብቁ። ጡንቻው እየፈረሰ ወደ ደም እየገባ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂዱ።