«በዚህ ዕድሜ ጉልበት ይቀየራል እንዴ?»

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ሰሜን ሸዋ፣ ሰላ ድንጋይ ነው የምትኖረው። ስኳር አለባት፣ ግፊት አለባት፣ ኩላሊቷም ደከም ብሏል። ሁለቱም ጉልበቶቿ ያሟታል፤ የቀኙ ግን ብሶበታል። ድሮ ሳታስበው የምትደርስበት የቤተ ክርስቲያን መንገድ አሁን ሦስት ቦታ ያስቀምጣታል። ባለፈው ዓመት ደብረ ብርሃን ወስደናት የአጥንት ሐኪሙ «ጉልበቱ በሰው ሠራሽ ሊቀየር ይችላል፤ ተመካከሩና ወስኑ» አለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ምክር በምክር ሆነ። ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ የእድር ሰዉም የሰማውን ነገረን። ሁሉም ለእሷ ከማሰብ ነው። ግን ብዙው ስሕተት ነበር። እኛ ለማጣራት ወራት ፈጅቶብናል፤ እናንተም እንዳትደክሙ የደረስንበትን ልንገራችሁ።

«ብርድ ነው፤ ሌላ አይደለም»

የእኛ አገር ሰው ለጉልበት ሕመም የመጀመሪያ መልሱ ይሄ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና አይፈረድበትም። ብርድ ጉልበትን ያሳስራል፣ ሕመሙንም ያብሳል። በዕድሜ የሚመጣውን የጉልበት ችግር ግን አያመጣውም። ችግሩ የአጥንቶቹን ጫፍ የሸፈነው ልም አጥንት እየሳሳ ማለቁ ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ተቀምጦም ጉልበቱ ያለቀ ሰው ሞልቷል። ያለቀ ልም አጥንት ደግሞ በወጌሻ እሽት ተመልሶ አይበቅልም።

«አርጅታለች፤ አሁን ምን ያደርግላታል?»

ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም። ይህን ኦፕራሲዮን ከሚያደርጉት ብዙዎቹ በ60ዎቹና በ70ዎቹ ዕድሜ ያሉ ናቸው፤ 80 ያለፉም ያደርጉታል። ሰው ሠራሹ ጉልበት ከ10 ሰው በ8ቱ ገደማ 25 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ በ74 የተቀየረ ጉልበት እንደገና የሚከፈትበት አጋጣሚ ትንሽ ነው። ሐኪሙ ከዕድሜዋ ይልቅ ልቧን፣ ሳንባዋን፣ ኩላሊቷንና ስኳሯን ነው አጥብቆ የጠየቀው።

«ስኳርና ግፊት ያለበትን ሰው ምላጭ አይነካውም»

ይሄን ሳንሰማ የዋልንበት ቀን የለም። ነገሩ ከመሬት ተነሥቶ የተወራ አይደለም። ስኳሩ ከፍ ያለ ሰው ቁስሉ ቶሎ አይጠግም። ሰው ሠራሽ ጉልበት ላይ ኢንፌክሽን ከገባ ደግሞ መከራ ነው። ተከፍቶ ይታጠባል፤ አንዳንዴም የገባው ሁሉ ወጥቶ በሌላ ይተካል። በጥቅሉ ከ100 ሰው አንድ ወይም ሁለቱን ያጋጥማል፤ ስኳሩ ያልተስተካከለ ሰው ላይ ይጨምራል።

ስለዚህ ሐኪሙ ያለን «መጀመሪያ ስኳሩ ይውረድ» ነው። የ3 ወር አማካይ ስኳርን የሚያሳይ ኤዋንሲ የሚባል የደም ምርመራ አለ። ብዙ ሐኪሞች ከ7.5 ወይም ከ8 በመቶ በታች እንዲሆን ይፈልጋሉ። የእናቴ 9.4 ነበር።

ከስኳሩ ሌላም የሚታይ አለ። ግፊቱ መርጋት አለበት። ደም ማነስ ካለ ቀድሞ ይታከማል። በቅርብ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ የደረሰበት ሰው ለወራት እንዲቆይ ይደረጋል። የተበላሸ ጥርስ ይነቀላል ወይም ይታከማል፤ ጀርሙ በደም ተጉዞ አዲሱ ጉልበት ላይ ሊያርፍ ይችላልና። እግር ላይ ያለች ትንሽ ቁስል፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ እንኳ አይናቅም። ጉልበት ውስጥ የስቴሮይድ መርፌ የተወጋም ቢያንስ 3 ወር ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ታይቶም የአንዳንድ ሰው ልብ ወይም ሳንባ አይችለውም ተብሎ ኦፕራሲዮኑ ይቀራል። እንዲህ ሲሏችሁ አትቀየሟቸው።

ማደንዘዣውንም ብዙ ሰው ይፈራዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጀርባ ላይ በሚወጋ መርፌ ከወገብ በታች ብቻ ማደንዘዝ ይቻላል።

«ማስታገሻዋን እየወሰደች ትቆይ፤ ኪኒን ምን ይጎዳል?»

እዚህ ላይ ነው እኔ ራሴ የደነገጥኩት። ሐኪሙ «የምትወስደውን ሁሉ ይዛችሁ ኑ» ብሎን ነበር። ማታ እናቴ ፌስታሏን አምጥታ ሰፌድ ላይ ዘረገፈችው። የስኳሯ ሜትፎርሚን አለ። የግፊቷ ኢናላፕሪል አለ። የሚያሸና የግፊት ኪኒን አለ። ከሥር አንዲት ምንም ያልተጻፈባት የወረቀት ፖስታ ወጣች። «ይቺ የጉልበቴ ናት፤ ገበያ ስወጣ የምገዛት» አለች። ሲጣራ ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ነው። በቀን ሁለት፣ ሲብስባት ሦስት፣ ከዓመት በላይ ስትወስደው ኖራለች። ማናችንም አናውቅም ነበር።

ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ግፊት ይጨምራሉ፣ ጨጓራ ያደማሉ፣ ልብ ለታመመም አይመቹም። ከኢናላፕሪልና ከሚያሸና ኪኒን ጋር ሲደረቡ ደግሞ ሦስቱም ተባብረው ኩላሊትን ይጎዳሉ። ሐኪሙ አስቁሟት በልክ የሚወሰድ ፓራሲታሞልና ጉልበት ላይ የሚቀባ ጄል ሰጣት። እባካችሁ የእናት የአባታችሁን ፌስታል ዛሬውኑ ዘርግፉና እዩ። በራሳችሁ ግን የልብ፣ የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት አታስቁሙ።

«ቁጭ በይ፤ ከተንቀሳቀስሽ ይብሱን ያልቃል»

ቁጭ ያለ ሰው የጭኑ ጡንቻ ይከሳል፤ ሸክሙ ሁሉ ጉልበቱ ላይ ይወድቃል። እናቴ የተሰጣት ስፖርት ቀላል ነው። ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ቀጥ አድርጋ ትዘረጋለች፣ እስከ 5 ትቆጥራለች፣ ታወርዳለች። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ወፈር ላለ ሰው አንድ ኪሎ መቀነስ በየእርምጃው ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ሸክም ያነሣል። ምርኩዝ ደግሞ የሚያዘው ከሚያመው ጉልበት በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። እናቴ ስንት ዓመት በቀኟ ይዛው ኖራ፣ ወደ ግራ ባዞረችው ቀን «ምነው እስከዛሬ ማን ነገረኝ!» አለች። በዚህ ብቻ ተሽሏቸው ኦፕራሲዮኑን የሚተዉም አሉ።

«ራጁ አልቋል ካለ መቀየር ግዴታ ነው»

አይደለም። ራጁ ተበላሽቶ ብዙም የማያመው ሰው አለ። የሚወሰነው በሕመሙ፣ በእንቅልፉና በሚሄድበት ርቀት ነው። ቸኩላችሁ አትወስኑ፤ የሚያጣድፍ በሽታ አይደለም።

«እግሯን ቆርጠው ብረት ይተክላሉ»

እግር አይቆረጥም። የሁለቱ አጥንቶች ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ተልጦ በብረት ይለበጣል፤ በመካከል ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል።

«ከተቀየረማ እንደ ልጅነቷ ትሆናለች»

ይህኛው ተስፋ ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው የሚያዝነው በእሱ ነው። አብዛኛው ሰው ሕመሙ በደንብ ይቀንስለታል። ከአምስት ሰው አንዱ ያህል ግን እንደጠበቀው አይሆንለትም። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ አስነሥተው ያስኬዷችኋል። የመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ያማሉ፤ እያመመም ጉልበቱን ማጠፍና መዘርጋት ግድ ነው፤ አለዚያ ይደርቃል። ደም እንዳይረጋ መድኃኒት ይሰጣል። ሙሉ ለሙሉ እስኪበርድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ እቤት የሚያነሣት፣ ለክትትል የሚያመላልሳት ሰው መኖሩን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ኦፕራሲዮኑ አዲስ አበባ ከሆነ፣ ከደብረ ብርሃን እስከዚያ ብቻ 130 ኪሎ ሜትር ነው።

እናቴ ሐኪሙን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሰግጄ እነሣለሁ ወይ?»

እሱም አልሸነገላትም። «እማማ፣ ይራመዳሉ፣ ደረጃም ይወጣሉ። ተንበርክኮ መስገድና መሬት ቁጢጥ ማለት ግን ብዙ ሰው አይችለውም» አላት። ዝም አለች። መኪና ውስጥም ዝም እንዳለች ሰላ ድንጋይ ደረስን። በሳምንቱ የንስሐ አባቷን አማከረች። «ልጄ፣ ቆመሽ ጎንበስ ካልሽ ይበቃሻል። ጸበልሽንም ጠጪ፣ መድኃኒትሽንም ዋጪ» አሏት። ከዚያ በኋላ ነው «በእግሬ ሄጄ ልቁረብ እንጂ ይሁን» ያለችው።

አሁን ኤዋንሲዋ 7.6 ደርሷል። ሁለት ጥርስ ተነቅሎላታል። ወንድሜ ለሽንት ቤቱ መቀመጫው ላይ ቀዳዳ ያለው ከፍ ያለ የእንጨት ወንበር አሠርቷል፤ በርጩማዋንም ከፍ ባለ ወንበር ቀይረንላታል። ቀጠሮው ከፋሲካ ማግስት ባለው ሳምንት ነው። እሷ ናት የመረጠችው። ሃምሳው ቀን ጾም የለውም፤ እንቁላሉንም ወተቱንም እየበላች ቁስሏ ይጠግላታል።