የ«አቫታር» መጨረሻ፦ አንግ ኦዛይን ይቅር አላለውም

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ «አቫታር» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሰማያዊዎቹን ሰዎች ነው። እዚህ የሚወራው ግን እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2008 በ61 ክፍል ስለተላለፈው የካርቱን ተከታታይ «አቫታር፦ ዘ ላስት ኤርቤንደር» ነው። አንግ አቫታሩ፣ ማለትም አየርን፣ ውሃን፣ መሬትንና እሳትን የሚያዝ ልጅ ነው፤ ኦዛይ ደግሞ በመጨረሻ የሚገጥመው የእሳት ሀገር ገዥ ነው። ስለ ፍጻሜው የሚነሡ አራት አስተያየቶችን አንድ በአንድ እንያቸው።

«አንግ ኦዛይን ይቅር አለው።» በወሎ አበጋር፣ ማለትም አስታራቂ ሽማግሌ፣ ደም ሲያደርቅ ያየ ሰው እንዲህ ቢል አያስገርምም። ግን በእርቅ በዳዩ ጥፋቱን ያምናል፣ ካሳ ይክሳል፣ ተበዳዩም ይቀበላል። ኦዛይ አንዱንም አላደረገም። እሳት የማዘዝ ኃይሉን በአንግ ተነጥቆ ታሰረ። ልጁ ዙኮ ከነገሠ በኋላ ወህኒ ወርዶ «እናቴ የት ናት?» ብሎ ሲጠይቀው እንኳ መልሱን ሳንሰማ ትዕይንቱ ይቆረጣል።

«መግደል ፈርቶ ነው።» ሲዝን 3፣ ክፍል 20ን በዝግታ እዩት። ኦዛይ የለቀቀበትን መብረቅ አንግ በአንድ እጁ ተቀብሎ በሆዱ በኩል ያሳልፈዋል። በሌላው እጁ መልሶ ሊለቀው ሲል ኦዛይ ፊት ለፊቱ ነው፤ ማምለጫ የለውም። አንግ ጣቱን ወደ ሰማይ አዞረ። ፈሪ እንዲህ አያደርግም። ከዚያ በፊት የቀድሞ አቫታሮችን ምክር ጠይቋል፤ የራሱ ወገን የሆነችው ያንግቼን እንኳ ለዓለም ስትል የራስህን መንፈስ መሥዋዕት አድርግ ብላዋለች። ምክሩን ሰምቶ ነው ያልተቀበለው። ወገኖቹ ከሆኑት ከአየር ዘላኖች የተረፈው እሱ ብቻ ነው፤ ነፍስ ሁሉ ክቡር ናት የሚለውን የመነኮሳቱን ትምህርት እሱ ከጣሰው የሚይዘው ሌላ ሰው የለም።

«አንበሳ ኤሊው ከየትም ዱብ አለ።» አንበሳ ኤሊው የሌላን ሰው ኃይል መንጠቅን ለአንግ ያስተማረው ግዙፍ ጥንታዊ ፍጡር ነው። ሲዝን 2፣ ክፍል 10 ላይ፣ በረሃ ውስጥ በተቀበረው ቤተ መጻሕፍት፣ ሥዕሉ ይታያል። ኃይል የመንጠቁ ጥበብ ግን በእርግጥ ዘግይቶ የመጣ ነው፤ እዚህ ላይ ተቺዎቹ ልክ ናቸው። ቢሆንም በነፃ አልተሰጠም፦ የነጣቂው መንፈስ ከታጠፈ ራሱ ይጠፋል። የኦዛይ ቀይ ብርሃን የአንግን ሰማያዊ ብርሃን ሊውጠው ጥቂት ሲቀረው የምናየው ለዚህ ነው።

«ድንጋዩ ባይመታው ኖሮ አያሸንፍም ነበር።» በውጊያው መሀል አንግን የመታው ድንጋይ ያገኘው የኦዛይ ሴት ልጅ አዙላ በሲዝን 2 መጨረሻ በመብረቅ ያቆሰለችውን ጀርባውን ነው፤ የተዘጋው የአቫታር ኃይል ያኔ ተከፈተ። ዕድል ነው፣ አንክድም። ግን ያ ኃይል ኦዛይን አስሮ በሕይወትህ ትከፍላለህ ብሎ ሊፈጽመው ነበር። አንግ በመጨረሻዋ ቅጽበት ወደ ራሱ ተመልሶ አስቆመው። ድንጋዩ ድሉን ሰጠው፤ ያን ድል እምቢ ያለው ግን እሱ ራሱ ነው።