«አበባው ወሩን ስቶ ነው» እና ሌሎች ስለ አበባ ሽንኩርት የሚወሩ ነገሮች

ታኅሣሥና ጥር ላይ ብርዱ ቀለል ካለ ወሬው ከሁለት አቅጣጫ ይመጣል። አንዱ ከውጭ ነው። እንግሊዝ ወይም ጀርመን ያሉ ዘመዶቻችን ፎቶ ይልካሉ፤ በዚያ ወር በረዶ ለብሶ የሚከርመው ጓሯቸው ውስጥ የዳፎዲል ቅጠል ጣት አክሎ ብቅ ብሏል። «ጉድ እኮ ነው፣ ገና በጥር! ውርጭ ሲመጣ አለቀለት» ይላሉ። ሌላው ከዚሁ ከጎጃም ነው። ቢቸና አንዱ ጓሮ ውስጥ የጅብ ሽንኩርት ያለ ወቅቱ አፈር ፈንቅሎ ይወጣል፣ መርዓዊ በመስኖ የተተከለው ሽንኩርት አበባ ያወጣል፣ ደብረ ማርቆስ ጓዳ ውስጥ የተቀመጠው ነጭ ሽንኩርት ያጎነቁላል። ሁሉም ነገር በሙቀቱ ይላከካል። ሙቀቱ እጁ የለበትም አልልም። ግን ከሚወራው ግማሹ የተገለበጠ ነው፤ አንዳንዱ ላይ እንዲያውም ጥፋተኛው ብርድ ነው።

የአበባ ሽንኩርት የምለው ከአፈር በታች እንደ ሽንኩርት ተደራርቦ የተድበለበለ ስንቅ ያለውን አበባ ሁሉ ነው። ቱሊፕ፣ ዳፎዲል፣ ስኖድሮፕ ከፈረንጅ አገር፤ የጅብ ሽንኩርት ከእኛ።

«አበባው ወሩን ስቶ ነው የወጣው»

አልሳተም። አንድ የቱሊፕ ሽንኩርት በጥቅምት ወር ከላይ ወደ ታች ለሁለት ብትሰነጥቁት መሀሉ ላይ ጥፍር የማታክል አበባ ተሠርታ ታገኛላችሁ። ከነቅጠሏ፣ ከነግንዷ። ይህች አበባ የተሠራችው ከወራት በፊት፣ እነሱ አገር ሙቀት በነበረበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ጥር ላይ የምትታየው ነገር አዲስ የተወለደች አይደለችም፤ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ የነበረች ናት።

ምን ስትጠብቅ? ብርድ። ቱሊፕና ዳፎዲል በደንብ እንዲያብቡ በግምት ከ12 እስከ 16 ሳምንት የሚደርስ፣ ከ9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ። ያ ቅዝቃዜ ከሞላ በኋላ የሚቀረው ትንሽ ሙቀት ብቻ ነው፤ መጋቢትም ይሁን ጥር ግድ የለውም፣ ሞቅ ካለ ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ ይህን ነው፦ ይህ የብርድ ሳምንታት ቆጠራ እንዲሞላ በረዶ መውረዱ የግድ አይደለም። 5 ዲግሪ ይበቃል። በረዶ ሳያዩ የከረሙ ዘመዶቻችን «ዘንድሮ ብርድ የለም» ሲሉ ከወትሮው ጋር አነጻጽረው ነው፤ ለአፈር ውስጥ ሽንኩርት ግን በ5 እና በ7 ዲግሪ መሀል የከረመ ጓሮ ጥሩ ብርድ ነው። ቆጠራውን ጨርሶ ነው የወጣው።

«ቀድሞ ከወጣ ውርጭ ይገድለዋል»

ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ጮቄ ግርጌ ያለ ገበሬ ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋሱ ጸጥ ብሎ ካደረ ጠዋት ድንቹ በእሳት የተለበለበ መስሎ እንደሚጠብቀው ያውቃል። ድንች ውርጭ አይችልም፤ ያ እውነት ነው። ግን ድንች ላይ ያየነውን ዳፎዲል ላይ መጫን አይሆንም። ዳፎዲልና ስኖድሮፕ የተፈጠሩት ለዚሁ ነው። የስኖድሮፕ ቅጠል ጫፉ ጠንካራ ስለሆነ የደረቀ፣ የቀዘቀዘ አፈር ይወጋል። ሌሊት ውርጭ ሲመታው መሬት ላይ ልፍስፍስ ብሎ ይተኛል፣ «በቃ ሞተ» ትላላችሁ፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲነካው ተመልሶ ይቆማል።

ቅጠሉ ላይ የሚደርሰው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ ቢጫ ወይም ቡኒ መሆን ነው። ሽንኩርቱ ራሱ አፈር ውስጥ ደኅና ነው። በረዶ ከወረደማ እንዲያውም ይሻላል፤ በረዶው እንደ ጋቢ ሸፍኖ ከደረቁ ውርጭ ይጠብቀዋል። አደጋ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ነው፦ አበባው። እምቡጡ ቀለሙን ማሳየት ከጀመረ ወይም ከፈነዳ በኋላ ኃይለኛ ውርጭ ከመጣ የዓመቱ አበባ ሊበላሽ ይችላል። የዓመቱ ብቻ። ተክሉ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል።

«ቶሎ በአፈር መልሶ መሸፈን፣ ካልሆነም ቅጠሉን መቁረጥ ነው»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። በእኔ እምነት ከሙቀቱ ይልቅ አበባውን የሚጎዳው ይህ ምክር ነው። ብቅ ያለ ቡቃያ ላይ አፈር ሲቆለል እርጥበት ይታፈናል፣ አንገቱ ይበሰብሳል። ቅጠሉ ሲቆረጥ ደግሞ የመጪው ዓመት አበባ ነው የሚቆረጠው፤ ምክንያቱም ቅጠሉ ነው ፀሐይ ሰብስቦ የሽንኩርቱን ስንቅ የሚሞላው። አበባው ከረገፈ በኋላ እንኳ ቅጠሉን ቢያንስ ስድስት ሳምንት መተው ያስፈልጋል። ቢጫ ሆኖ ሲያስቀይምም ታገሡት። ለማሳመር ብለው ቅጠሉን በክር የሚጠፍሩም አሉ፤ ፀሐይ እንዳያገኝ ማድረግ ስለሆነ እሱም ይቅር።

የሚሠራው ትንሽ ነው። የደረቀ ቅጠል ወይም ገለባ ሳሳ አድርጎ ዙሪያውን መጎዝጎዝ፣ አፈሩ በአንድ ቀን እየሞቀ እየቀዘቀዘ እንዳይሠቃይ። እምቡጥ ካለና ከባድ ውርጭ ከተተነበየ ማታ ጨርቅ ማልበስ፣ ጠዋት ማንሳት። ላስቲክ ከሆነ ደግሞ ማንሳቱን መርሳት የለም፣ ቀን ላይ ውስጡ ይቀቅለዋል። ሌላው ሁሉ እጅ አርፎ የማይቀመጥ ሰው ሥራ ነው።

«ጎጃም ደጋ ነው፣ ቱሊፕ እንደ ልቡ ያብባል»

ይህ ብዙ ሰው ገንዘብ ያስወጣል። ከውጭ የመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ የቱሊፕ ሽንኩርት ይዞ ይመጣል፣ ደብረ ማርቆስ ግቢ ውስጥ ይተከላል፣ ሁለት ሰፋፊ ቅጠል ይወጣል፣ ከዚያ ምንም። ሰውየው አፈሩን ይወቅሳል፣ ማዳበሪያ ይጨምራል። ሽንኩርቱ ግን ያጣው ብርድ ነው።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የታኅሣሥ ሌሊቷ ጋቢ ያስደርባል። ቀኑ ግን ከ20 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ሽንኩርቱ የተቀበረው ደግሞ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው፣ እዚያ የሌሊቱ ብርድ ሳይደርስ ፀሐይ ትወጣለች። እኛ የምንሞቀውና የምንበርደው በየቀኑ ነው፤ ቱሊፕ የሚፈልገው ሳያቋርጥ ወራት የሚዘልቅ ቅዝቃዜ ነው። ከባሕር ዳር አንጻር ደብረ ማርቆስ ብርዳም መሆኗ እሱን አይጠቅመውም።

የግድ ቱሊፕ ካላየሁ የሚል መንገዱ ፍሪጅ ነው። ሽንኩርቱን አየር በሚያስገባ የወረቀት ከረጢት አድርጎ መስከረም መጨረሻ ላይ ማስገባት (ፌስታል ያሻግተዋል፣ ማቀዝቀዣው ከላይ ያለው በረዶ ቤት ደግሞ ይገድለዋል)፣ ጥር መጀመሪያ ላይ አውጥቶ ረፋድ ፀሐይ፣ ከሰዓት ጥላ ያለው ቦታ መትከል። አንድ ወሳኝ ነገር፦ እዚያ ፍሪጅ ውስጥ ፖም፣ ሙዝ ወይም ማንጎ መኖር የለበትም። የሚበስል ፍራፍሬ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ሽንኩርቱ ውስጥ ያለችውን ትንሽ አበባ ያደርቃታል። ሦስት ወር ጠብቆ ባዶ ግንድ ማየት ያናድዳል። መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢሄድ ግድ የለም፣ በሩን ካልከፈታችሁት ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ለቀናት የሚሄድ ከሆነ ግን እንግዲህ…

ካበበም በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ያለ ፍሪጅ አይደግምም። ይህን ሁሉ ጣጣ የማይፈልግ ሰው አማሪሊስ የሚባለውን የአበባ ሽንኩርት ይትከል። ብርድ አይጠይቅም፣ ደረቅ ዕረፍት ብቻ ከሰጡት ትልልቅ አበባ ይዞ ይመጣል።

«የጅብ ሽንኩርቱን ሙቀት ቀሰቀሰው»

የእኛዎቹ ብርድ አይቆጥሩም። የሚቆጥሩት ድርቀትና እርጥበት ነው። በዚህ ስም የሚጠሩት ተክሎች ከአንድ በላይ ናቸው፤ ሰው አብዝቶ ፎቶ የሚያነሣው ግን ያ በአንድ ግንድ ጫፍ ላይ ደርዘን ደርዘን ቀያይ ትንንሽ አበቦች ተሰብስበው ኳስ የሚመስለው ነው። በጋውን ከአፈር በታች ተኝቶ ያሳልፋል። ከዚያ የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው፣ አንዳንዴ ቅጠሉ ገና ሳይዘረጋ፣ አበባው ይቀድማል።

ስለዚህ ጥር ላይ ከወጣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ምን ያህል ሞቀ?» ሳይሆን «ውሃ ከየት አገኘ?» ነው። አንድ ያልታሰበ ካፊያ ሊሆን ይችላል። ልብስ ታጥቦ የተደፋ እጣቢ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት የጎመን መደብ ማጠጣት ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ውሃው ካልተደገመ ቡቃያው ቢጠወልግም ሽንኩርቱ አይሞትም፣ ተመልሶ ይተኛል። «አሳዘነኝ» ብሎ በየቀኑ ውሃ ማጠጣት ግን ያበሰብሰዋል።

እዚህ ላይ ልጆች ላሏቸው ቤቶች ጠበቅ አድርጌ የምለው አለ። «ሽንኩርት ከመሰለ ይበላል» የሚባል ነገር የለም። የጅብ ሽንኩርት መርዝ አለው። ዳፎዲልም እንዲሁ፤ ሁለቱም ላይኮሪን የሚባል የሚያስመልስ ንጥረ ነገር ያላቸው የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። እንግሊዝ አገር ሰዎች የዳፎዲልን ሽንኩርት ከምግብ ሽንኩርት እያምታቱ ስለታመሙ እ.ኤ.አ. በ2015 የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤቱ ሱፐርማርኬቶች ዳፎዲልን ከአትክልት መደርደሪያ እንዲያርቁ ጠይቆ ነበር። ባላገሩ ስሙን ለጅብ የሰጠው በከንቱ አይመስለኝም።

«የመስኖ ሽንኩርት አበባ ያወጣው በሙቀት ነው»

ይሄ ነው ሙሉ በሙሉ የተገለበጠው። ቆጋ መስኖ አካባቢ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ችግኙን አዛውሮ፣ ጥር ላይ የሽንኩርቱ ራስ እየተሞላ ሳለ መሀሉ ላይ ወፍራም ዘንግ ከነእምቡጡ ሲወጣ ማየት ያበሳጫል። ቀኑ ሞቃት ስለሆነ ሰው ፀሐዩን ይረግማል። ሽንኩርትን ወደ አበባ የሚገፋው ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ቀዝቃዛ ሌሊት ነው። ችግኙ የእርሳስ ውፍረት ያህል ከደረሰ በኋላ ለሳምንታት የቆየ ቅዝቃዜ፣ በግምት ከ8 እስከ 12 ዲግሪ፣ ካገኘው «ክፉ ቀን አልፏል፣ ዘር ላፍራ» ይላል። ገና ቀጭን የሆነው ችግኝ ያንኑ ብርድ ሳይሰማው ያልፈዋል። ለዚህ ነው ቶሎ ተዘርቶ፣ መደብ ላይ ወፍሮ የተዛወረው ችግኝ ብዙ አበባ የሚያወጣው። እንደዚህ ከሆነ ሞቅ ያለ በጋ ለሽንኩርት ገበሬ በዚህ በኩል እንኳ ወዳጅ ነው።

አበባውን ቀንጥሶ መጣል ብዙም አያድነውም፤ መሀሉ አንዴ እንጨት ሆኗል። እንዲህ ያለው ስለማይቆይ ለይቶ ቶሎ መሸጥ ወይም መብላት እንጂ ጎተራ ማስገባት የለም።

«አንድ ሞቃት ጥር ምንም አያሳይም» / «ዓለም መጥፋቷ ነው»

ሁለቱም ችኩል ናቸው። አንድ ጓሮ፣ አንድ ዓመት የአየር ጠባይ ነው እንጂ ሌላ ማስረጃ አይሆንም። መዝገቡ ሲረዝም ግን ነገሩ ይለወጣል። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራና እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት እንግሊዝና አካባቢዋ የተመዘገቡ የ406 ዓይነት ተክሎችን የአበባ ቀን አመሳክሮ፣ ከ1987 እስከ 2019 ባለው ጊዜ ተክሎቹ ከ1986 በፊት ከነበረው በአማካይ 26 ቀን ቀድመው እንዳበቡ አሳይቷል። ወር ሊሞላ ምንም አልቀረው። እ.ኤ.አ. 2024 ደግሞ በመዝገብ ከታወቁት ዓመታት ሁሉ የሞቀው ነበር። ችግሩ ሽንኩርቱ መሞቱ አይደለም። አበባው ወጥቶ ንቡ ገና ተኝቶ ከሆነ ማን ያዳቅለዋል? ያ ነው የሚያሳስበው።

«አደይ አበባም ሥሯ ተኝቶ ነው በመስከረም የምትነቃው»

አይደለም፣ አደይ የአበባ ሽንኩርት አይደለችም። በየዓመቱ ከዘር ነው የምትበቅለው። ክረምቱ ዝናብ ሲሰጣት ታድጋለች፣ መስከረም ላይ ታብባለች፣ ዘሯን አራግፋ ትደርቃለች። ውሃ ገብ ቦታ ላይ አንዲት ዘግይታ ብትታይ ተአምር የለበትም።

«ያጎነቆለ ነጭ ሽንኩርት መርዝ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥ አያጎነቁልም ነበር»

መርዝ የሚሆነው ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነና ያጎነቆለ ድንች ነው። ሰው ሁለቱን ያቀላቅላል። ያጎነቆለ ነጭ ሽንኩርት ትንሽ ቢመር እንጂ አይጎዳም፤ አረንጓዴውን መሀሉን አውጥቶ መክተፍ ነው። ፍሪጁ ደግሞ እንዲያውም ያፋጥነዋል፣ እሱም እንደ ቱሊፕ ቅዝቃዜ ካገኘ በኋላ ለመብቀል የሚነሣ ዘር ነውና። ደረቅ፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ላይ ተንጠልጥሎ ቢቀመጥ ይሻላል። አንዴ ካጎነቆለ ፍንካቹን አሮጌ ጣሳ ውስጥ ጫፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ትከሉት፤ ቅጠሉ እየተቀነጠሰ ለእንቁላል ፍርፍር ይሆናል።