የማዕድን እንክብሎች፣ የደም ቅባትና ኦክሲዴቲቭ ስትረስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የሴሊኒየም፣ የዚንክ ወይም የማግኒዚየም እንክብል ጠርሙስ ማግኘት የተለመደ ሆኗል። ስጦታው ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ ወላጆች እንክብሉን አምነው የታዘዘላቸውን መድኃኒት ሲያቋርጡ ጉዳዩ አሳሳቢ ስለሚሆን፣ በብዛት የሚሰሙትን አመለካከቶች አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል።

«ሴሊኒየምና ዚንክ አንቲኦክሲዳንት (ሴሎችን ከጉዳት የሚከላከሉ) ስለሆኑ፣ በብዛት ሲወሰዱ መከላከያው ይጠነክራል።»

ሰውነታችን ምግብን በኦክስጅን እያቃጠለ ኃይል ሲያመነጭ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ጎጂ ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ፤ እነዚህ ከመከላከያው አቅም በላይ ሲሆኑ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ተከሰተ ይባላል። በዚህ ጊዜ ኤልዲኤል የተባለው ቅባት ተሸካሚ (መጥፎ ኮሌስትሮል የምንለው) በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ይበላሻል፣ የተበላሸውንም የመከላከያ ሴሎች እየዋጡ በቅባት ይሞላሉ፣ የደም ሥር መጥበብም ከዚህ ይጀምራል። ማዕድናቱ ግን ፍሪ ራዲካሎችን በቀጥታ አያጠፉም። ሴሊኒየም ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም አካል ሲሆን፣ ዚንክ ከመዳብ ጋር በሌላ ኢንዛይም ውስጥ ይሠራል። ኢንዛይሙ የሚበቃውን ካገኘ በኋላ የሚጨመረው ማዕድን ሥራውን አያፋጥነውም። ከሦስቱ ጉልቻ አንዱ ሲጎድል ድስቱ ይወድቃል፤ አራተኛ ጉልቻ ስለተጨመረ ግን ወጡ ቶሎ አይበስልም።

ይህ በሰፊው ተፈትኗል። በ2001 የተጀመረው ሴሌክት የተባለው ጥናት ከ35,000 በላይ ወንዶችን ያሳተፈ ሲሆን፣ ከተሳታፊዎቹ ከፊሎቹ በቀን 200 ማይክሮግራም ሴሊኒየም ይወስዱ ነበር። ጥናቱ የፕሮስቴት ካንሰርን ለመከላከል የታቀደ ቢሆንም የልብ ሕመምንም ተከታትሏል፤ በ2008 እንክብሉ እንዲቆም ሲደረግ ሴሊኒየሙ በሁለቱም ላይ ጥቅም አላሳየም።

«ሴሊኒየም ኮሌስትሮል ስለሚቀንስ መድኃኒቱን ይተካል።»

እዚህ ላይ ጥቂት እውነት አለ፣ አሳሳችም የሚያደርገው ይኸው ነው። በሰዎች ደም ውስጥ ያለው የሴሊኒየም መጠን ዝቅ ባለባት በብሪታንያ፣ ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 74 የሆኑ 501 ሰዎች ለስድስት ወራት በተጠኑበት ጊዜ፣ በቀን 100 ወይም 200 ማይክሮግራም የወሰዱት አጠቃላይ ኮሌስትሮላቸው በጥቂቱ ቀንሷል፤ 300 ማይክሮግራም የወሰዱት ግን ያን ያህል ለውጥ አላገኙም። መጠን ሲጨምር ጥቅም እንደማይጨምር ይህ ራሱ ምስክር ነው። በአንጻሩ በ1994 ይፋ በሆነውና 4,444 የልብ ሕሙማንን ባሳተፈው የስካንዲኔቪያ ጥናት፣ ሲምቫስታቲን የተባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት ኤልዲኤልን በ35 በመቶ፣ ሞትን ደግሞ በ30 በመቶ ቀንሷል። ሁለቱ በአንድ ሚዛን የሚቀመጡ አይደሉም።

«ዚንክ ቢበዛም አይጎዳም።»

በ1980 በታተመ ጥናት 12 ጤነኛ ወንዶች ለአምስት ሳምንታት በየቀኑ 440 ሚሊግራም ዚንክ ሰልፌት፣ ማለትም 160 ሚሊግራም ያህል ዚንክ ወስደው ነበር፤ ጥሩ ኮሌስትሮል የምንለው ኤችዲኤል በ25 በመቶ ወረደባቸው። ለአዋቂ ሰው በአሜሪካ የተወሰነው ከፍተኛ መጠን በቀን 40 ሚሊግራም ሲሆን፣ በገበያ ላይ ግን በአንድ ፍሬ 50 ሚሊግራም የያዘ እንክብል አለ። ለረጅም ጊዜ በብዛት የሚወሰድ ዚንክ መዳብ ከአንጀት እንዳይሰርግ ስለሚከለክል፣ መከላከያን ለማጠናከር የተጀመረው ነገር መዳብ የሚፈልገውን ያንኑ ኢንዛይም ሊያዳክም ይችላል። ይህ ሁሉ ግን ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን በጤና ጣቢያ ከሚታዘዘው ዚንክ ጋር አይገናኝም፤ እሱ ከ10 እስከ 14 ቀን ብቻ የሚሰጥ፣ ጥቅሙም የተረጋገጠ ሕክምና ስለሆነ እናቶች ሳያቋርጡ ሊሰጡት ይገባል።

«ማግኒዚየምና ክሮሚየም ቅባት ያቀልጣሉ።»

ማግኒዚየም የደም ግፊትን በትንሹ ሊቀንስ ይችላል፤ በደም ቅባት ላይ ያለው ውጤት ግን ደካማ ነው። ስለ ክሮሚየም የሚነገረውም በአስተማማኝ ማስረጃ አልተደገፈም።

«ብረት ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ስለሚያመጣ ነፍሰ ጡር ሴት አይረን ባትወስድ ይሻላታል።»

ልቅ የሆነ ብረት ጎጂ ፍሪ ራዲካሎችን እንደሚያመነጭ እውነት ነው፤ በዘር በሚወረስ ሕመም ብረት የሚከማችባቸው ሰዎች ጉበታቸውና ልባቸው የሚጎዳውም በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡሮች በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ብረት ከ400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ጋር የሚመክረው፣ የደም ማነስ ለእናትም ለልጅም አደገኛ ስለሆነ ነው። ይህን እንክብል በወሬ ማቋረጥ ትልቅ ስሕተት ነው።

«ሴሊኒየም በአፈራችን ስለሌለ ለሁላችንም ያስፈልገናል።»

በአማራ፣ በኦሮሚያና በትግራይ ከሚገኙ ማሳዎች የተሰበሰበ እህል ተመርምሮ በ2021 የታተመው ውጤት፣ በጤፍና በስንዴ ውስጥ ያለው ሴሊኒየም ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል። በአንዱ አካባቢ በቂ ሲሆን በሌላው በጣም ያንሳል። እጥረቱ የሚያሰጋው ሴሊኒየም ባነሰው አፈር ላይ እያረሰ ዓመቱን ሙሉ ከራሱ ማሳ የሚመገበውን ቤተሰብ ነው፤ ጠርሙሱ የሚደርሰው ግን በአብዛኛው እንቁላል፣ ዓሣና ሥጋ ወደሚቀርብበት የከተማ ቤት ነው።